ሰዎች ስለ ጤናቸው የሚጽፉትን ኮምፒውተር እንዴት ይመረምረዋል?

ሰው ሲታመም ስለ ሕመሙ መናገር ይፈልጋል። ቀድሞ የሚነግረው ለቤተሰቡ፣ ለወዳጁና ለሐኪሙ ነበር፤ ዛሬ ግን በአካል ለማያውቃቸው ሰዎችም በኢንተርኔት ይጽፋል። የጀመረው መድኃኒት እንቅልፍ እንደነሳው፣ ልጁን ለማስከተብ እንደሚሰጋ፣ የምርመራ ውጤት ሲጠብቅ ሌሊቱ እንደሚረዝምበት፣ ሐኪሙ የነገረው ነገር በቅጡ እንዳልገባው ይጽፋል። ሌሎችም ይመልሱለታል፤ ያጽናኑታል፣ ይመክሩታል፣ አንዳንዴም ሳያውቁ ያሳስቱታል። እንዲህ እየተጠራቀመ የመጣው ጽሑፍ ለጤና ተመራማሪዎች ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ታማሚው ማንም ሳይጠይቀው፣ በራሱ ቃል፣ ስሜቱ ገና ሳይበርድ የጻፈው ነው። በመጠይቅ የሚሰበሰብ መረጃ ግን ሰውየው ከሳምንታት በኋላ በሚያስታውሰው ላይ ይመሠረታል፤ መልሱም ጠያቂው አስቀድሞ ካሰባቸው ጥያቄዎች አያልፍም።

ይሁንና ይህን ሁሉ ጽሑፍ አንብቦ የሚጨርስ ሰው የለም። አንድ ተመራማሪ በጥንቃቄ አንብቦ ሊመረምር የሚችለው ጥቂት መቶ፣ ቢበዛ ጥቂት ሺህ ጽሑፎችን ነው፤ በአንድ አሳሳቢ የጤና ጉዳይ ላይ በአንድ ወር ውስጥ የሚጻፈው ግን ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። በኮምፒውተር የሚደረግ የቋንቋ ትንተና ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ዘርፍ ነው። የቋንቋ ጥናትን፣ ስታትስቲክስንና የኮምፒውተር ሳይንስን አጣምሮ፣ ሰዎች ስለ ምን እንደሚጽፉ፣ በየትኞቹ ቃላትና በምን ስሜት እንደሚጽፉ፣ ይህም ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከጽሑፉ ክምችት ውስጥ ለማውጣት ይሞክራል። ከመነሻው ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኮምፒውተሩ የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ የጻፈውን ሰው አያየውም፣ አይመረምረውም፣ መልሶም አይጠይቀውም። በእኔ እምነት የዘርፉ ስኬትም ሆነ ውድቀት በአብዛኛው የተወሰነው ተመራማሪዎች በጽሑፉና በጸሐፊው መካከል ያለውን ይህን ርቀት በያዙበት መንገድ ነው።

ከቆጠራ የጀመረ ሥራ

ኮምፒውተር የሚያሰላው ቁጥርን ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ ጽሑፉን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፤ ከመንገዶቹም ሁሉ ቀላሉ መቁጠር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ ስለ ከባድ የሕይወት ገጠመኛቸው ለጥቂት ቀናት በተከታታይ የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከጽሑፉ ውስጥ ለዚህ ምክንያት የሚሆነው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከተባባሪዎቹ ጋር በ1990ዎቹ ቃላትን በየምድቡ የሚቆጥር ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ የኀዘን፣ የቁጣ፣ የምክንያትና የመሳሰሉትን ቃላት የያዙ ዝርዝሮች አሉት፤ ጽሑፉን ሲያልፍበት ከእያንዳንዱ ዝርዝር ስንት በመቶ እንደተገኘ ያወጣል። ከዚህ ሥራ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነበር። ስለ ሰው ውስጣዊ ሁኔታ ብዙ የሚናገሩት እንደ «እኔ»፣ «እኛ» እና «እነሱ» ያሉት ትንንሽ ቃላት ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በድባቴ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ራሳቸው የሚያመለክተውን የአንደኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስም አዘውትረው እንደሚጠቀሙ አመልክቷል።

ቆጠራ ግልጽነቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማንኛውም አንባቢ ውጤቱ ከየት እንደመጣ መርምሮ ማየት ይችላል። ድክመቱ ደግሞ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥሎ መያዙ ነው። «በሳቅ ሞትኩ» ብሎ የጻፈ ሰው በሞት ዝርዝር ውስጥ ይቆጠራል። «ስኳር» የሚለው ቃል በአንዱ ጽሑፍ ሕመም፣ በሌላው የሚበላ ነገር ነው። «እናቴ ግፊት አለባት» ብላ የጻፈች ልጅ ራሷ ታማሚ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። በጤና ጽሑፍ ላይ ከሁሉም የሚከፋው ግን አሉታ ነው፤ «ትኩሳት አለኝ» እና «ትኩሳት የለኝም» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ለቆጣሪው አንድ የትኩሳት መጠቀስ ብቻ ናቸው፤ ለሐኪም ግን ተቃራኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዌንዲ ቻፕማንና ባልደረቦቿ በሆስፒታል መዝገቦች ላይ ይህን ችግር ለመፍታት ኔግኤክስ የተባለ ዘዴ አወጡ፤ የአሉታ ሐረጎችን ዝርዝር ይዞ፣ ከሐረጉ በፊት ወይም በኋላ በጥቂት ቃላት ርቀት ውስጥ የሚገኘውን ምልክት «የለም» ብሎ የሚመዘግብ ቀላል ሥርዓት ነው። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ማገልገሉ የሚያሳየው፣ ችግሩ በትክክል ሲታወቅ መፍትሔው የግድ የተወሳሰበ መሆን እንደሌለበት ነው።

ሰው መጀመሪያ ካልተስማማ

ከቆጠራው ቀጥሎ የመጣው መንገድ ኮምፒውተሩ ከምሳሌ እንዲማር ማድረግ ነው። ሰዎች ጥቂት ሺህ ጽሑፎችን አንብበው ለእያንዳንዱ መለያ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ «የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ይናገራል» ወይም «አይናገርም» ብለው ይለያሉ። ኮምፒውተሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከእነዚህ ምሳሌዎች ተምሮ፣ ያላያቸውን ሚሊዮን ጽሑፎች በዚያው መንገድ ይለያል። በዜና የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ የጥናቱ ዕጣ የሚወሰነው ግን በመጀመሪያው ነው።

«ይህን ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን መሆን አቃተኝ» የሚል ጽሑፍ ይታሰብ። አንዱ አንባቢ የጎንዮሽ ጉዳት ነው ይላል፤ ሌላው ክኒኑ ቀርቶ ሕመሙ ራሱ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል መለያውን ይነፍገዋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪዎች መለያ ሰጪዎቹ የሚከተሉትን ዝርዝር መመሪያ ያዘጋጃሉ፤ አንድን ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዲያነቡት ያደርጋሉ፤ ከዚያም ምን ያህል እንደተስማሙ ይለካሉ። ለዚህ የሚያገለግለው የታወቀው መለኪያ ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ካፓ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ ብቻ ሊስማሙ የሚችሉበትን መጠን ቀንሶ የቀረውን ያሳያል። ሁለት የሠለጠኑ አንባቢዎች ካልተስማሙ ችግሩ ያለው ከጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ሳይጠራ የሠለጠነ ኮምፒውተርም የአንባቢዎቹን ግራ መጋባት በሚሊዮን ጽሑፎች ላይ ያባዛዋል። ስለ አንድ ጥናት ስሰማ አስቀድሜ የምፈልገው መለያውን ማን ሰጠ፣ በምን መመሪያ፣ ምን ያህልስ ተስማሙ የሚለውን ነው።

ሌላው አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር «ትክክለኛነቱ 99 በመቶ ነው» የሚለው አባባል ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ነው። ለማስረዳት ያህል፣ 100,000 ጽሑፎች አሉ፣ ከነሱም የጎንዮሽ ጉዳት በእርግጥ የሚናገሩት 1,000 ብቻ ናቸው እንበል። ምንም ሳያነብ ሁሉንም «አይናገርም» የሚል ፕሮግራም 99 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን ለምንም አይጠቅምም። አሁን ደግሞ ከ1,000ዎቹ 900ዎቹን የሚያገኝ፣ ከቀሩት 99,000 ውስጥ 5 በመቶውን ብቻ በስህተት የሚያነሳ ጥሩ የሚባል ፕሮግራም እንውሰድ። በስህተት የተነሡት 4,950 ይሆናሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ጉዳት አለ» ካላቸው 5,850 ጽሑፎች ውስጥ እውነተኞቹ 900 ብቻ ናቸው፤ ከስድስት አንድ እንኳ አይሞሉም። በጤና ጉዳይ የሚፈለገው ነገር ብዙውን ጊዜ በጽሑፎቹ ውስጥ ብርቅ ስለሆነ ይህ ስሌት ሁልጊዜ ከፊታችን ይቆማል። ከተነሡት ስንቶቹ እውነት ናቸው፣ ከእውነተኞቹስ ስንቶቹ ተነሡ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው ካልተመለሱ ውጤቱን መመዘን አይቻልም።

መለያ ሳይሰጥ የሚሠራም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቪድ ብሌይ፣ አንድሪው ንግና ማይክል ጆርዳን ያስተዋወቁት የርዕስ ሞዴል አብረው የሚገኙ ቃላትን እያሰባሰበ በጽሑፎቹ ውስጥ ያሉትን ጉዳዮች በራሱ ይቧድናል። ማይክል ፖልና ማርክ ድሬዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህኑ ዘዴ ዘመድ በ1.5 ሚሊዮን የጤና ትዊቶች (በትዊተር ላይ የሚጻፉ አጫጭር መልእክቶች) ላይ ተጠቅመው እንደ አለርጂና እንቅልፍ ማጣት ያሉ ሕመሞችን ለይተዋል። ቡድኖቹን ስም የሚያወጣላቸው ግን አሁንም ሰው ነው፤ እዚህ ላይ መፍረድ እንጂ መቁጠር አይረዳም። ከ2013 ወዲህ ቃላትን እንደ አገባባቸው ቅርበት በቁጥር የሚያስቀምጡ ዘዴዎች ተስፋፉ፤ በ2018 ጉግል ያወጣው በርት የተባለ የቋንቋ ሞዴል ደግሞ አንዱን ቃል በተለያየ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በተለያየ ቁጥር መወከል ቻለ፤ ከላይ የተነሣው የ«ስኳር» ችግርም በዚህ ብዙ ቀለለ። ዛሬ የሚታወቁት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች መለያ የመስጠቱን ሥራ ራሱን በመመሪያ ብቻ ሊሠሩት ይሞክራሉ። ሥራውን አፋጥነውታል፤ ነገር ግን ሞዴሉ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ መርምሮ ማየት ከቃል ቆጠራው ዘመን ይልቅ ከባድ ሆኗል፤ በሰው እጅ ከተለየ ናሙና ጋር ሳይመሳከር መልሱን መቀበልም አይገባም።

ከጽሑፍ ወደ በሽታ ሲኬድ

ከዘርፉ ታሪኮች ሁሉ ተደጋግሞ የሚነሣው የጉግል የኢንፍሉዌንዛ ትንበያ ነው፤ መደጋገሙም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኩባንያው ሰዎች በመፈለጊያው ከሚጽፏቸው ሐረጎች ተነሥቶ በሽታው ምን ያህል እንደተሠራጨ የሚገምት አገልግሎት ጀመረ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከሐኪሞች የሚሰበስበው ሪፖርት እስኪወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ፍለጋው ግን በዕለቱ ይታያል። 50 ሚሊዮን ያህል የፍለጋ ሐረጎች ተፈትሸው ከማዕከሉ አኀዝ ጋር አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ 45 ተመረጡ፤ ውጤቱም በ2009 በኔቸር መጽሔት ታተመ። ብዙዎች የበሽታ ቅኝት ዘመን ተለወጠ ብለው ነበር።

በዚያው በ2009 በሚያዝያ ገደማ ኤች1ኤን1 የተባለው አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሲነሣ አገልግሎቱ ሳያየው ቀረ፤ የሠለጠነው በየዓመቱ በብርድ ወራት በሚመላለሰው ኢንፍሉዌንዛ ላይ ነበርና። በ2012 እና 2013 ወቅት ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ በሚመስል ሕመም ወደ ሐኪም የሚሄዱ ሰዎችን ድርሻ ማዕከሉ ካገኘው ከእጥፍ በላይ አድርጎ ገመተ። ዴቪድ ሌዘርና ባልደረቦቹ በ2014 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ትንተና፣ ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ከተቆጠሩት 108 ሳምንታት በ100ዎቹ ግምቱ ከእውነታው በላይ እንደነበረ አሳዩ። ከምክንያቶቹ አንዱ የቁጥር ጉዳይ ነው፤ 50 ሚሊዮን ሐረጎች የተመሳከሩት ከ1,152 የመረጃ ነጥቦች ጋር ብቻ ስለነበር ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ ነገር ግን በብርድ ወራት የሚበዙ ሐረጎች በአጋጣሚ ተስማምተው ሊገኙ ይችላሉ። እንዲያውም የአገልግሎቱ ሠሪዎች ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ የተደረጉ ፍለጋዎችን በእጃቸው ማስወጣት ነበረባቸው። ሁለተኛው ምክንያት ጉግል መፈለጊያውን በየጊዜው ማሻሻሉ ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ሐረግ ሲጠቁም ሰው የሚጽፈው ይለወጣል። በዚህ ላይ ዜናው ስለ በሽታው ሲያወራ ጤነኛውም ይፈልጋል።

ከሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሌዘር ቡድን ያገኘው ሌላው ውጤት ነው። የማዕከሉን የሁለት ሳምንት አሮጌ አኀዝ ወደ ፊት አስልቶ መተንበይ ብቻውን ከአገልግሎቱ የተሻለ ነበር፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ ከሁለቱም በላጭ ሆኑ። ጽሑፍና ፍለጋ የክሊኒክን መረጃ ሲያግዙ ይጠቅማሉ፤ ሲተኩት ይስታሉ። ጉግል ግምቱን ለሕዝብ ማውጣቱን በ2015 አቆመ።

የአእምሮ ጤና ጥናት ከዚህ ሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዮሐንስ አይክሽቴትና ባልደረቦቹ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የታከሙና የፌስቡክ ጽሑፋቸውንም የሕክምና መዝገባቸውንም ለጥናት ለመስጠት የፈቀዱ 683 ሰዎችን መረመሩ፤ ከነሱ 114ቱ በመዝገባቸው የድባቴ ምርመራ ነበራቸው። ከምርመራው በፊት ከጻፉት ጽሑፍ ተነሥቶ ሞዴሉ ማን ድባቴ እንደሚገኝበት በ0.69 መጠን መለየት ቻለ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ድባቴ ካለባቸው አንድ ሰው፣ ከሌለባቸውም አንድ ሰው በዕጣ ቢወጣ፣ ሞዴሉ ከ100 ጊዜ 69ኙን ትክክለኛውን ያስቀድማል፤ በግምት ብቻ 50 ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መጠነኛ ብለው የገለጹት ሲሆን ድባቴን ለመለየት ከሚያገለግሉ መጠይቆች ጋር ተቀራራቢ ነው ብለዋል። ጎልተው የታዩት ምልክቶች ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ኀዘን፣ ስለ ራስ አብዝቶ መጻፍና አንዱን ሐሳብ እያመላለሱ ማሰላሰል ነበሩ። እኔ ይህን ጥናት የማከብረው ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራሩ ነው፤ ሰዎቹ ተጠይቀው ፈቅደዋል፣ ጽሑፉም ከእውነተኛ የሕክምና መዝገብ ጋር ተመሳክሯል። ብዙ ሌሎች ሥራዎች «ድባቴ አለብኝ» ብሎ የጻፈውን ሁሉ ታማሚ፣ ያልጻፈውን ሁሉ ጤነኛ አድርገው ይነሣሉ፤ ሕመሙን የሚደብቁት ሰዎች ከጤነኞቹ ጋር እንደሚቆጠሩ ግልጽ ነው።

ከአንዳንድ ሰዎች ይልቅ ስለ አካባቢዎች የሚናገሩ ጥናቶችም አሉ። ከላይ የተጠቀሰው ቡድን በ2015 ባወጣው ሥራ በ1,347 የአሜሪካ ካውንቲዎች (ከግዛት በታች ያሉ የአስተዳደር አካባቢዎች) የተጻፉ 148 ሚሊዮን ትዊቶችን መርምሮ፣ የቁጣና የጥላቻ ቋንቋ የበዛባቸው ካውንቲዎች በልብ ሕመም የሚሞት ሰው እንደሚበዛባቸው፣ ግምቱም ማጨስን፣ ስኳር በሽታንና ገቢን የመሳሰሉ አሥር የታወቁ መለኪያዎች ተጣምረው ከሚሰጡት የተሻለ መሆኑን ገለጸ። ትዊት የሚጽፉት ወጣቶች፣ በልብ ሕመም የሚሞቱት ግን አረጋውያን ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱ ስለ ጸሐፊዎቹ ልብ ምንም አይናገርም፤ ቢናገር ስለ አካባቢው የኑሮ ሁኔታ ነው። ኒክ ብራውንና ጄምስ ኮይን በ2018 ዝምድናው የተባለውን ያህል ጽኑ አይደለም ብለው በዝርዝር ተከራክረዋል። በቁጡ ቋንቋ የጻፈ ሰው ልቡ ይታመማል ብሎ ከዚህ መደምደም ፈጽሞ አይቻልም።

ስለ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የተደረገው ሙከራ ደግሞ ተስፋን ከእውነታ ለይቶ ያሳየ ነው። ታማሚዎች ለሐኪም የማይነግሩትን ጉዳት በኢንተርኔት ስለሚጽፉ፣ ጽሑፎቹ አደገኛ መድኃኒቶችን ቀድመው ያጋልጣሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ዌብ-ራደር የተባለው በአውሮፓ የተካሄደ ትልቅ ጥምር ፕሮጀክት ይህን በሰፊው ከፈተሸ በኋላ፣ ማኅበራዊ ሚዲያን ለጠቅላላ የመድኃኒት ደኅንነት ቅኝት ዋና ምንጭ ማድረግ እንደማይመከር፣ ነገር ግን እንደ ያለአግባብ መውሰድና በእርግዝና ጊዜ መውሰድ ባሉ ውስን ጉዳዮች ሊረዳ እንደሚችል ደመደመ። እንዲህ ያለ «አይሠራም» የሚል ውጤት በግልጽ መታተሙ ለዘርፉ ትልቅ አገልግሎት ነው።

የጽሑፉ ባለቤት ሰው ላይሆንም ይችላል። ዴቪድ ብሮኒያቶቭስኪና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት በ2014 እና በ2017 መካከል በትዊተር ላይ ስለ ክትባት የተጻፈውን መርምረው፣ ከሩሲያ የተነሡ ሐሰተኛ አካውንቶች ክትባትን የሚደግፍም የሚቃወምም ጽሑፍ ያሠራጩ እንደነበር አሳይተዋል፤ ይህም ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ ለሁለት እኩል የተከፈለ የሚመስል ገጽታ ይፈጥራል። እነዚህን ሳይለይ «ሕዝቡ ስለ ክትባት ምን ይላል» ብሎ የሚቆጥር ሰው ያልተባለ ነገር ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በየካቲት 2020 የምንታገለው ወረርሽኝን ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ መረጃ ጎርፍንም ነው ካሉ በኋላ፣ ድርጅቱ በተለያዩ አገሮች ሰዎች ስለ ኮቪድ-19 የሚጠይቁትን ከጽሑፋቸው የሚከታተል ሥርዓት አቋቁሟል። የዚህ ዓይነቱ ክትትል ጥቅሙ ለቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ የጤና ባለሙያው ሰዎች በእርግጥ የሚጨነቁበትን ጥያቄ አውቆ እሱን እንዲመልስ ያስችለዋል።

ምልልስን ማጥናት

እስካሁን የተወራው አንድ ሰው ስለሚጽፈው ነው። እኔን ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገውን ምልልስ የሚመረምረው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የጤና ንግግር ዓላማው አንዱ ሌላውን መርዳት ነው። ቲም አልቶፍ፣ ኬቨን ክላርክና ዩሬ ሌስኮቬች በ2016 በጭንቅ ላይ ያሉ ሰዎች በስልክ አጭር መልእክት ከአማካሪዎች ጋር ያደረጓቸውን፣ ማንነታቸው የተሰወረ በርካታ ምልልሶች አጥንተዋል። ሰዎቹ ከምልልሱ በኋላ ተሻለን ካሉባቸው አማካሪዎች ንግግር ውስጥ የሚለየው ነገር ተገኝቷል፤ ውጤታማዎቹ አማካሪዎች የተዘጋጀ ሐረግ አይደጋግሙም፤ የተነገራቸው ግልጽ ሳይሆን ሲቀር መልሰው ያጣራሉ፤ ችግሩን ቶሎ ተረድተው መፍትሔ ወደ መፈለጉ ይሻገራሉ። የተረዳው ሰው ቋንቋም በምልልሱ ሂደት ካለፈው ወደ ወደፊቱ፣ ከራስ ብቻ ወደ ሌሎችም ያዘነብላል። በ2023 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ወደ ተግባር ተሻግሮ፣ 300 የሚሆኑ በፈቃዳቸው ሌሎችን የሚደግፉ ሰዎች መልስ ሲጽፉ ኮምፒውተሩ የማሻሻያ ሐሳብ ቢጠቁማቸው፣ በመልሶቻቸው የሚታየው የመራራት መጠን በ19.6 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። የመጨረሻውን ቃል የሚወስነው ሰው ሆኖ መቆየቱ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል።

ሳይጠየቁ መጠናት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ ሳማሪታንስ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰዎችን ትዊቶች እየቃኘ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመስል ሐረግ ሲያገኝ ለተከታታያቸው የሚያሳውቅ ፕሮግራም አወጣ። ዓላማው ሕይወት ማትረፍ ነበር። ነገር ግን የሚቃኙት ሰዎች አልተጠየቁም፤ ማስጠንቀቂያው ለወዳጅ ብቻ ሳይሆን ለሚያሳድዳቸው ሰውም ሊደርስ ይችል ነበር፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎችም ከዚያ ወዲያ ስሜታቸውን በነጻነት ለመጻፍ እንደሚፈሩ ተናገሩ። ድርጅቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሮግራሙን አቆመ። በዚያው ዓመት ፌስቡክ የ689,003 ተጠቃሚዎቹን ገጽ ይዘት ለውጦ የስሜታቸውን ቋንቋ የለካበት ጥናት መታተሙም ከፍተኛ ቁጣ አስነሥቷል።

ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሊያጠናው ይችላል የሚለው ክርክር በቂ አይደለም። ሰው ስለ ሕመሙ የሚጽፈው ለሚረዱት ሰዎች ብሎ ነው እንጂ በጥናት ውስጥ ሊመዘገብ ብሎ አይደለም። ጽሑፉ ቃል በቃል ቢጠቀስ በመፈለጊያ ተፈልጎ ስሙ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ሐሳቡን በራሳቸው ቃል ለውጠው ያቀርባሉ፣ ጸሐፊው ያጠፋውን ጽሑፍም ከመረጃቸው ያወጣሉ።

ለአማርኛ አንባቢ መታለፍ የሌለበት ሌላ የፍትሕ ጉዳይ አለ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተሠሩት በእንግሊዝኛ ላይ ነው። ኔግኤክስ አሉታን የሚፈልገው ራሱን ችሎ በሚቆም ቃል ውስጥ ሲሆን በአማርኛ ግን አሉታው እንደ «አላመመኝም» ከግሡ ጋር ተዋሕዶ ይገኛል፤ «ሕመም» እና «ህመም» ደግሞ በኮምፒውተር ዓይን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እንደዚህ ያሉ ቋንቋዎች የራሳቸው መሣሪያና በራሳቸው ተናጋሪዎች የተለየ መረጃ ያስፈልጋቸዋል። በ2023 የቀረበው አፍሪሴንቲ አማርኛን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከ110,000 በላይ ትዊቶችን እንደ ስሜታቸው ለይቶ የያዘ ሲሆን ጥሩ ጅምር ነው፤ ለጤና ጽሑፍ ግን የተለየ ሥራ ይጠይቃል። ይህ እስካልተሠራ ድረስ በትላልቅ ቋንቋዎች የማይጽፉ ታማሚዎች ጭንቀት በየትኛውም ቅኝት ውስጥ አይቆጠርም።

መረጃው የሚገኝበት በርም እየጠበበ ነው። በ2023 ትዊተር ለተመራማሪዎች የነበረውን ነጻ መግቢያ ዘግቷል፤ ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽም ክፍያ ጀምሯል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን በዚያው መረጃ ደግሞ መፈተሽ አሁን ከባድ ሆኗል። አንዳንድ ቡድኖች በዚህ ምክንያት ሰዎች ጽሑፋቸውን አውርደው፣ የማይፈልጉትን አውጥተው፣ በፈቃዳቸው ለጥናት ወደሚሰጡበት አሠራር እየዞሩ ነው። የጽሑፉ ብዛት ከሚሊዮን ወደ ጥቂት ሺህ ይወርዳል፤ በምትኩ ግን ጸሐፊው ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስብ፣ በእርግጥ ታሞ እንደነበርና እንደዳነ ይታወቃል፤ ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲያጋጥምም ተመራማሪው መልሶ ሊጠይቀው ይችላል።